የልብ ጡንቻን የደም ፍሰት መለካት፦ ስካነር ሲመረጥ ምን ይጠየቃል?

ልብ ለመላው አካል ደም የሚረጭ ጡንቻ መሆኑን ሁላችንም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ልብ ራሱ በውስጡ ከሚያልፈው ደም በቀጥታ የማይመገብ መሆኑ ነው። በልብ ክፍሎች ውስጥ ሞልቶ የሚያልፈው ደም ወፍራሙን የልብ ግድግዳ አያጠጣም። ግድግዳውን የሚያጠጡት ከአኦርታ መነሻ ላይ ተገንጥለው ልብን እንደ ዘውድ የሚከቡት፣ በዚሁም ምክንያት ከላቲኑ «ዘውድ» ከሚለው ቃል ስማቸውን ያገኙት፣ ኮሮናሪ የተባሉት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ናቸው። አንድ ጤናማ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ እያንዳንዱ ግራም የልብ ጡንቻው በደቂቃ ወደ 1 ሚሊሊትር የሚጠጋ ደም ያገኛል። ዳገት ሲወጣ ወይም ሲሮጥ ይህ መጠን 3 እና 4 እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ይህን ቁጥር በሕይወት ባለ ሰው ውስጥ፣ ደረቱ ሳይከፈት፣ እንዴት መለካት ይቻላል? ለዚህስ ከሚቀርቡት መሣሪያዎች መካከል የትኛው ይመረጣል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስ አንጻር ለመመልከት እንሞክራለን። ጉዳዩ ለሐኪሞችና ለግዢ ክፍል ሠራተኞች ብቻ የተተወ ቢመስልም፣ የመልሱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው ተማሪዎች በሚገባ በሚያውቁት የራዲዮአክቲቭ መፍረስ ሕግ ውስጥ ነው።

ደረጃና ውጤት

በመጀመሪያ የሚለካው ነገር ምንነት ግልጽ ሊሆን ይገባል። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ላንስ ጉልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሥራ በውሾች ላይ የልብ ደም ቅዳን ቀስ በቀስ እያጠበቡ ፍሰቱን ለክተው ነበር። ያገኙት ውጤት እስከ ዛሬ የመስኩ መሠረት ነው። የደም ቅዳው ስፋት 85 በመቶ ገደማ እስኪጠብ ድረስ የዕረፍት ፍሰት አልቀነሰም። የልብ ጡንቻ ከፍተኛ ፍሰት በሚጠይቅበት ጊዜ ግን ጉድለቱ ገና ጥበቱ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ መታየት ጀመረ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ከትልቁ ቧንቧ በታች ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ራሳቸውን እያሰፉ ከላይ የተፈጠረውን እንቅፋት ያካክሳሉ። ሰውየው ሲሮጥ ግን ያ የመስፋት አቅም አስቀድሞ ስላለቀ የሚጨመር ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው የዕረፍቱን ፍሰት ብቻ ሳይሆን በመድኃኒት ወይም በእንቅስቃሴ ልብ ሲፈተን የሚደርስበትን ከፍተኛ ፍሰት፣ እንዲሁም የሁለቱን ንጽጽር፣ ማለትም የፍሰት መጠባበቂያውን ነው።

በዓለም ላይ ለዚህ ምርመራ በብዛት የሚያገለግለው ስፔክት የተባለው የጋማ ካሜራ ዘዴ ነው። ለታካሚው ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለ፣ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት የሆነ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ደም በደረሰበት መጠን በልብ ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ካሜራውም በታካሚው ዙሪያ እየተንቀሳቀሰ የሚወጣውን ጨረራ ይቆጥራል። ከዚህ የሚገኘው ሥዕል ግን የሚያሳየው ደረጃን እንጂ ውጤትን አይደለም። ይኸውም እጅግ የደመቀው የጡንቻ ክፍል እንደ 100 ተቆጥሮ ሌላው ሁሉ ከእርሱ አንጻር ይመዘናል።

በትምህርት ቤት ካርድ ላይ «ከክፍሉ 1ኛ» የሚል ብቻ ተጽፎ ቢመጣ ተማሪው 95 አምጥቶ ይሁን 45 አምጥቶ ማወቅ አይቻልም። ልክ እንዲሁ ሦስቱም ዋና ዋና የልብ ደም ቅዳዎች በእኩል የጠበቡበት ሰው ልቡ በሙሉ በእኩል የደበዘዘ ይሆናል። በስፔክት ሥዕል ላይ ግን ልቡ በእኩል የደመቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠው ታካሚ ጤናማ ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። አንጻራዊ ሥዕል ብቻ ሳይሆን በሚሊሊትር የሚነገር ቁጥር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ጀርመናዊው አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1870 አንድ ቀላል የሚመስል ሐሳብ አቀረበ። አንድ የአካል ክፍል ከደም የወሰደው የአንድ ንጥረ ነገር መጠን፣ ወደ ክፍሉ በገባው ደም ውስጥ ከነበረውና ከክፍሉ በወጣው ደም ውስጥ ከቀረው ልዩነት ጋር እኩል መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር ወደ ማሳ የገባውን ውኃ ለማወቅ የቦዩን ፍሰት መለካት ባይቻል፣ በውኃው ውስጥ የታወቀ መጠን ያለው ቀለም ጨምሮ ማሳው ላይ የቀረውን ቀለም መመርመር ይቻላል ማለት ነው።

ለልብም የሚደረገው ይኸው ነው። ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሩ በክንድ ደም ሥር ሲገባ ስካነሩ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ በተከታታይ ያነሳል። ከዚህ ሁለት የጊዜ ግራፎች ይወጣሉ። አንዱ በግራው የልብ ክፍል ውስጥ በሚያልፈው ደም ያለውን የንጥረ ነገር ክምችት ያሳያል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንደ ሾጣጣ ተራራ ይወጣና ይወርዳል። ሁለተኛው የጡንቻው ነው፤ እርሱ ቀስ እያለ ይወጣና ይረጋል። ነገሩን ካቀለልነው፣ ፍሰቱ ማለት ጡንቻው የያዘው መጠን ከደሙ ግራፍ በታች ላለው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ንጥረ ነገሩ በአንድ ዙር ሙሉ በሙሉ ወደ ጡንቻው የማይገባ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ማስተካከያ ይጨመራል። ኦክሲጅን 15 ያለበት ውኃ ያለ እንቅፋት ይገባል፤ ሩቢዲየም 82 ግን ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር የሚያመልጠው ድርሻ ይበዛል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስተውል የምንፈልገው፣ በክፍፍሉ ውስጥ አካፋዩ የደሙ ግራፍ መሆኑን ነው። አካፋዩ ካነሰ ውጤቱ ይተልቃል። የኋላው ታሪካችን በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች የሒሳብ ነጥብ ላይ ነው።

ፔት ለምን ተመረጠ?

ፔት በተባለው ስካነር የሚያገለግሉት አይሶቶፖች ፖዚትሮን ያመነጫሉ። ፖዚትሮኑ ጥቂት ተጉዞ ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ሁለት ፎቶኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። በታካሚው ዙሪያ ቀለበት ሠርተው የተደረደሩት ዲቴክተሮች ሁለቱን ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት ሲቀበሉ፣ ክስተቱ ሁለቱን ዲቴክተሮች በሚያገናኘው መስመር ላይ እንደተፈጸመ ይታወቃል። የጋማ ካሜራ አቅጣጫን ለመለየት እርሳስ የተነጠፈበት ወንፊት ያስፈልገዋል፤ ይህም ወንፊት ከ10,000 ፎቶኖች አንድ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል። ፔት ይህን ወንፊት ስለማይፈልግ በእያንዳንዷ ሰከንድ ብዙ ይቆጥራል፤ ለፈጣኑ የደም ግራፍም የሚበቃ ቆጠራ ያገኛል።

ከዚህ የሚበልጥብን ውበት ግን ሌላ ነው። ጨረራ በአካል ውስጥ ሲያልፍ ይዋጣል። በ140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የቴክኒሺየም ጨረራ በየ4.6 ሴንቲሜትሩ የውኃ ውፍረት ግማሹ ይቀራል፤ ስለዚህ ከውስጥ የመጣው ከላይ ከመጣው እጅግ ደክሞ ይደርሳል፤ ምን ያህል እንደደከመ ለማወቅም ከየት ጥልቀት እንደተነሳ መታወቅ አለበት። በፔት ግን ሁለቱም ፎቶኖች መድረስ ይኖርባቸዋል። አንዱ 10 ሴንቲሜትር ቢጓዝ ሌላው 20፣ አንዱ 3 ቢጓዝ ሌላው 27 ይጓዛል፤ ድምሩ ምንጊዜም የአካሉ ውፍረት ነው። የሁለት ኤክስፖኔንሻል ብዜት የኃይሎቻቸው ድምር መሆኑን ያስታወሰ ተማሪ፣ ጥልቀቱ ከስሌቱ እንደሚሰረዝ ወዲያውኑ ይገነዘባል። ስለዚህ የአካሉን ውፍረትና ዓይነት በአንድ አጭር የሲቲ ምርመራ ማወቅ ብቻ ትክክለኛውን ማስተካከያ ይሰጣል። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ስጦታ ለፊዚሲስት አዘውትራ አትሰጥም።

ያማረው ሥዕልና የተሳሳተው ቁጥር

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ያጋጠመንን እዚህ ላይ ብናነሣ ነገሩን ያብራራልናል። ሆስፒታሉ አሮጌውን የፔት ስካነር በአዲስ ተክቶ ነበር። የአዲሱ ሥዕል ጥራት ያየውን ሁሉ አስደሰተ። ከሳምንታት በኋላ ግን የልብ ሐኪሞቹ አንድ ነገር ታዘቡ፤ የታካሚዎቹ ፍሰት ቁጥር ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ደም ቅዳዎቻቸው በግልጽ መጥበባቸው በሌላ ምርመራ የታወቀ ሰዎች ሳይቀሩ የጤናማ ሰው ቁጥር ያገኙ ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ነበር። አንድ ቀን የደሙን ግራፍ አውጥተን ስንመለከት ግን ሾጣጣ መሆን የነበረበት ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ደልድሎ አገኘነው።

የሆነው ይህ ነው። ሩቢዲየም 82 ግማሽ ዕድሜው 75 ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ በቂ ሥዕል ለማግኘት በርከት ያለ መጠን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በልብ ክፍል ውስጥ ተጠቃልሎ ሲያልፍ ዲቴክተሮቹን ያጥለቀልቃቸዋል። እያንዳንዱ ክሪስታል አንድ ፎቶን ከተቀበለ በኋላ ብርሃኑ እስኪከስም ድረስ ሌላ መለየት አይችልም። ቢጂኦ በተባለው የቆየ ክሪስታል ይህ ጊዜ ወደ 300 ናኖሰከንድ፣ ኤልኤስኦ በተባለው ደግሞ ወደ 40 ናኖሰከንድ ይጠጋል። ለማስላት እንዲመች ክሪስታሉ ብቻ ወሳኝ ነው ብለን እንውሰድ። ወደ አንድ ዲቴክተር በሰከንድ 1 ሚሊዮን ፎቶን ቢመጣ የመጀመሪያው ከመጣው 77 በመቶ ያህሉን፣ ሁለተኛው 96 በመቶውን ይቆጥራል። በእውነተኛው መሣሪያ የኤሌክትሮኒክሱ ፍጥነትም ይጨመርበታልና ፈጣን ክሪስታል መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

አዳዲሶቹ ስካነሮች በቀለበቶቹ መካከል የነበሩትን የብረት መከለያዎች አስወግደዋል። ይህ የመቁጠር አቅማቸውን በብዙ እጥፍ ስላሳደገው በአነስተኛ መጠን ያማረ ሥዕል ይሰጣሉ። ነገር ግን ጎርፉንም በዚያው ልክ ያበዛዋል። በዚያ ላይ ከተለያዩ አቶሞች የተነሱ ሁለት ፎቶኖች በአጋጣሚ በአንድ ቅጽበት ደርሰው እንደ ጥንድ የሚቆጠሩበት ዕድል በመጠኑ ካሬ ስለሚያድግ፣ መጠኑ 2 እጥፍ ሲሆን ይህ ስሕተት 4 እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ክፍፍሉ እንመለስ። ጡንቻው የሚነበበው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው። ከደሙ ግራፍ ስፋት 20 በመቶ ቢጠፋ ግን ፍሰቱ 25 በመቶ ከፍ ብሎ ይነበባል። በፈተና ጊዜ እውነተኛ ፍሰቱ 1.6 የሆነ ሰው 2.0 ተብሎ ይጻፍለታል። 2 አካባቢ ያለው ቁጥር ደግሞ በብዙ ማዕከላት የጤናማውና የአጠራጣሪው ድንበር የሚያልፍበት ነው። የዕረፍቱና የፈተናው ስሕተት እኩል ከሆነ በንጽጽራቸው ሊሰረዝ ይችላል ብሎ መጽናናት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በፈተና ጊዜ ልብ በፍጥነት ስለሚረጭ የጎርፉ ቅርጽ ይለወጣልና እኩልነቱን የሚያረጋግጥ የለም።

የመፍረስ ሕግ እንደ ዳኛ

ታዲያ ስካነሩ ከመገዛቱ በፊት ይህን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ዘዴው እጅግ ቀላል ነው። የደረት ቅርጽ ያለው በውኃ የተሞላ ፕላስቲክ ዕቃ በስካነሩ ውስጥ ይቀመጥና ለታካሚ ከሚሰጠው የማያንስ ሩቢዲየም ይጨመርበታል። ከዚያ ማንም ሳይነካው ለ10 ደቂቃ ይቆጠራል። 10 ደቂቃ 8 ግማሽ ዕድሜ ስለሆነ መጠኑ 256 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሙሌት ብቻ ከሚያጥለቀልቀው ጎርፍ እስከ ጠብታው ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። የቆጠራው ሎጋሪዝም ከጊዜ አንጻር ሲነደፍ ቀጥታ መስመር መሆን አለበት፤ ቁልቁለቱንም የወሰነችው ተፈጥሮ እንጂ ፋብሪካው አይደለም። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከጎበጠ፣ የጎበጠበት ነጥብ የስካነሩ አቅም ወሰን ነው።

በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የልብ ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የተለያዩ ስካነሮችን በሩቢዲየም በዚህ መንገድ ሲፈትን ወሰናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የተለያየ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ለታካሚው የሚሰጠው መጠን በስካነሩ ወሰን ልክ መቆረጥ አለበት። እላይ ያነሳነው ሆስፒታልም ችግሩን የፈታው አዲስ ዕቃ በመግዛት ሳይሆን መጠኑን በመቀነስና ንጥረ ነገሩን ረዘም ባለ ጊዜ በማስገባት ነበር።

ይህን ሙከራ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራም በትንሹ መድገም ይቻላል። ከሲዚየም 137 የሚታለበው ባሪየም 137ኤም ግማሽ ዕድሜው ወደ 2.6 ደቂቃ ስለሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መስመሩን መንደፍ ያስችላል። የጋይገር ቆጣሪ ከእያንዳንዱ ቆጠራ በኋላ 100 ማይክሮሰከንድ ያህል ይታወራል፤ በሰከንድ 1,000 እውነተኛ ክስተት ሲኖር የሚያሳየው 909 ገደማ ብቻ ነው። ተማሪው የሚያየው ጎባጣ መስመር በሆስፒታል ካየነው ጋር አንድ ነው።

ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች

ኤምአርአይ ጨረራ የለውም፤ የሥዕሉ ዝርዝርም ከፔት ይበልጣል፤ ከቀድሞ ድካም የቀረውን የልብ ጠባሳም ያሳያል። ነገር ግን በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ክምችቱ ሲበዛ የሚሰጠው ምልክት በዚያው ልክ አያድግም፤ ጫፉ ይደለድላል። አስገራሚ ነው፤ ፊዚክሱ ፍጹም ሌላ ሆኖ ሳለ ሕመሙ አንድ ነው። መፍትሔውም ያንኑ ይመስላል፤ በመጀመሪያ እጅግ የቀጠነ መጠን ሰጥቶ የደሙን ግራፍ መውሰድ፣ ቀጥሎ ሙሉውን ሰጥቶ ጡንቻውን ማንበብ። በሲቲ የአዮዲን ምልክት ከክምችቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ዳሩ ግን ልብን በተከታታይ ማንሳት የጨረራውን መጠን ያበዛል። የተለመደው የሲቲ ምርመራ የቧንቧውን ጥበት ያሳያል እንጂ ፍሰቱን አይለካም። ካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ዲቴክተር ያላቸው አዳዲስ የስፔክት ካሜራዎችም ፍሰትን በቁጥር መለካት ጀምረዋል። አልትራሳውንድ ርካሽና ተንቀሳቃሽ ነው፤ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ቫልቭ ሕመም ከእርሱ የሚቀድም የለም። የሚለካው ግን የደሙን ፍጥነት እንጂ አንድ ግራም ጡንቻ የሚያገኘውን መጠን አይደለም።

ከስካነሩ ጋር የሚመረጠው የአይሶቶፕ ምንጭም ነው፤ በእኛ አስተያየት እንዲያውም አስቀድሞ መመረጥ ያለበት እርሱ ነው። ቴክኒሺየም የሚታለበው ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ከሆነው ሞሊብዲነም 99 ስለሆነ በአውሮፕላን ተጭኖ በየሳምንቱ ሊደርስ ይችላል። ሩቢዲየም የሚታለብበት ስትሮንሺየም 82 ግማሽ ዕድሜው 25 ቀን ገደማ ነው፤ ማመንጫው ግን ውድ ነውና በቂ ታካሚ ለሌለው ማዕከል አያዋጣም። 10 ደቂቃ የሚቆየው ናይትሮጅን 13 እና 2 ደቂቃ ብቻ የሚቆየው ኦክሲጅን 15 ሳይክሎትሮን በቅርብ፣ ለኦክሲጅኑማ በዚያው ግቢ ውስጥ፣ ይጠይቃሉ። ይህን ሳያሰሉ ስካነር መግዛት ወንዝ በሌለበት የውኃ ወፍጮ እንደመትከል ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በአሜሪካ የተፈቀደው ፍሉርፒሪዳዝ ይህን ስሌት በከፊል ለውጦታል። በውስጡ ያለው ፍሎሪን 18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ በመሆኑ ከሩቅ ሳይክሎትሮን በመኪና ሊመጣ ይችላል። የሚሰጠውም መጠን ከሩቢዲየም እጅግ ያነሰ ስለሆነ የዲቴክተሮቹ ጎርፍ ይቀንሳል። የዕረፍቱና የፈተናው ምርመራ በአንድ ቀን እንዲደረጉ ከተፈለገ ግን ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ሩቢዲየም በ10 ደቂቃ፣ ናይትሮጅን 13 በ50 ደቂቃ ውስጥ ራሳቸውን ያጸዳሉ፤ ፍሎሪን 18 ግን ከ110 ደቂቃ በኋላም ግማሹ በልብ ጡንቻ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ሁለተኛው መጠን የመጀመሪያውን ቅሪት የሚያስንቅ፣ እጥፍና ከዚያም በላይ መሆን ይኖርበታል። ገዢው ስካነሩን በዕቃው ሙሌት ሲፈትንም መነሻ አድርጎ መውሰድ ያለበት ይህን ሁለተኛውን መጠን ነው።